መብራቱ ጠፋ ብላችሁ አትተኙ

ከእኔ ጋር በኤንትሬ የጭነት መኪና ዘመን መሪ ጨብጣችሁ በአቧራና በጭቃ ያረጃችሁ ወንድሞቼ፣ ዛሬ የጡረታ ዘመናችሁን በአንዲት አሮጌ ኮሮላ ወይም ቪትዝ እየተንቀሳቀሳችሁ የልጅ ልጆቻችሁን ከትምህርት ቤት የምታመላልሱ ሁሉ፣ ይህ ቃል ለእናንተ ነው። ለወጣቶቹ መጻፍ ይቀልለኝ ነበር፤ ወጣት ሲወቀስ ደስ የማይለው ሽማግሌ የለምና። ነገር ግን ወጣቱ መኪና መያዝን የሚማረው ከጎናችን ተቀምጦ እኛን እያየ ነው፣ እኛም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እያሳየነው ያለው ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

ነገሩ ሲነገር ትንሽ ይመስላል። በአንዳችሁ መኪና ተሳፍሬ ስሄድ ከመሪው ኋላ ከተደረደሩት ምልክቶች አንዱ ብልጭ ይላል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ይጠፋል። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ተወው፣ አመሉ ነው፣ ይበራል ይጠፋል። በርቶ የቀረ መብራት ሰውን ያስደነግጣል፣ ኪሱን ያስዳብሰዋል፣ ሳይወድ በግዱ ወደ ጋራዥ ይወስደዋል። በርቶ የሚጠፋው ግን ሰውን ያለማምዳል፤ መጀመሪያ ሲያዩት ልብ ይደነግጣል፣ ሲጠፋ ደስ ይላል፣ ሲደጋገም ደግሞ ዐይን ማየቱን ይተወዋል። በዚህ መንገድ ሲሄድ ያየሁት ንብረት ብዙ ነው፣ ሰውም አለበት፤ ስለዚህ ነገሩ ገና በእጃችሁ ሳለ ልንገራችሁ።

ድሮ በነዳናቸው ከባድ መኪኖች ላይ የሞተር ዘይት ግፊት የሚታወቀው በመርፌ ነበር። ዳገቱ ላይ ስንት ነበር፣ ሞተሩ ሲግል ስንት ሆነ እያልን መርፌዋን በዐይናችን እንከተላት ነበር፣ መውረድ ስትጀምርም የምናስብበትና የምንቆምበት ጊዜ ይተርፈን ነበር። የዛሬዎቹ ትናንሽ መኪኖች ብዙዎቹ መርፌዋን ትተው ጠብታ የምታንጠባጥብ የዘይት ማንቆርቆሪያ በቀይ ሥለው አስቀምጠዋል። ብዙዎቻችን ይህች ምልክት ቀድማ የምታስጠነቅቀን ይመስለናል። እውነቱ ግን በአብዛኞቹ መኪኖች የምትበራው ግፊቱ ወደ ግማሽ ባር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ነው፤ ጤነኛ ሞተር በመንገድ ፍጥነት ሲሄድ በርከት ያሉ ባሮችን ይይዛል። ስለዚህ ለአንድ ቅጽበት ብልጭ ብላ ብትጠፋ እንኳ የመጣችው ዘግይታ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ሞተሩ ውስጥ ብረት ከብረት እንዳይነካካ የሚለየው ዘይት ሳስቶ ነበር ማለት ነው።

በሰፈራችን አንዲት ሚኒባስ ነበረች፣ ሾፌሯም ሰው አክባሪ፣ መኪናውን አጥቦ የማይጠግብ ልጅ ነው። የዘይቷ ምልክት አደባባይ ሲዞር ትበራለች፣ ቀጥ ሲል ትጠፋለች። ጋራዥ ወሰዳት፣ ሴንሰሩ ነው ተባለና ሴንሰር ተቀየረ፤ ጥቂት ቀን አልታየችም፣ ኋላ ተመልሳ መጣች፣ አሁን ደግሞ ሞተሩ ግሎ የትራፊክ መብራት ይዞት ሲቆም ጭምር ትርገበገባለች። ወፍራም ዘይት አድርግበት ተባለ፣ አደረገ፣ ጠፋች፣ ደስም አለው። ሞተሩ ነክሶ ከቆመ በኋላ ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ከሥር የወጣውን ዘይት በሳፋ ይዘው ፀሐይ ላይ ሲያዘነብሉት ውስጡ የብረት ብናኝ ያብለጨልጭ ነበር፣ ብሮንዚናዎቹም የላይ ሽፋናቸው ተበልቶ ቀዩ መዳብ ወጥቶባቸዋል። የጥፋቱ መጀመሪያ የዘይት ማነስ ነበር። ዘይት ሲያንስ መኪናው በሚዞርበትና ፍሬን በሚይዝበት ጊዜ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ ፖምፓው የሚስብበት አፍ አየር ይጎትታል፣ ግፊቱ ይወድቃል፤ መኪናው ቀጥ ሲል ዘይቱ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ምልክቷም ትጠፋለች። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ፣ በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ የዘይት መለኪያውን መዞና ጠርጎ መልሶ መክተት ያን ሁሉ ያድን ነበር።

ሴንሰር አይበላሽም እያልኩ አይደለም፤ ይበላሻል፣ ሽቦውም ይላጣል፣ ሶኬቱም ዘይት ይጠጣል። ግን ሴንሰሩ ከመወቀሱ በፊት እሱ በተፈታበት ቀዳዳ የግፊት መለኪያ ገጥሞ፣ ሞተሩን አሙቆ፣ በዝቅተኛ ዙርም በከፍተኛም መለካት የሚባል ነገር አለ። ግፊቱ ደህና ሆኖ ከተገኘ ያን ጊዜ ሴንሰሩ ይቀየር። ሳይለኩ መቀየር ግምት ነው፣ የግምቱን ዕዳ ደግሞ የሚከፍለው ባለመኪናው ነው።

የፍሬኑ ከዚህ ይከፋል፤ ሞተር ቢነክስ መኪና ይቆማል፣ ፍሬን ቢጠፋ ግን መኪና አይቆምም። ቀይ ክብ በመካከሉ ቃለ አጋኖ ያለበትን ምልክት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሲበራ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የእጅ ፍሬኑን ነው፣ ማየቱም ደግ ነው። የእጅ ፍሬኑ ወርዶ ሳለ ቁልቁለት ላይ የሚበራና ሜዳ ላይ የሚጠፋ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዓባይን በረሃ አስቡት፤ ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል፣ ወዲያ ማዶ እስከ ደጀን ደግሞ ያው ዳገት ይጠብቃል። መኪናዋ አፍንጫዋን ደፍታ ስትወርድ በፍሬን ዘይት ዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ፊት ይጋደማል፣ ዘይቱ አንሶ ከነበረ በውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ዝቅ ይላል፣ መብራቱ ይበራል። ድልድዩ ጋ መሬቱ ሲስተካከል ይጠፋል። ሾፌሩም ኮረኮንቹ ነው ይልና ደጀን ደርሶ ሻዩን ይጠጣል።

ዘይቱ ለምን አነሰ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የፍሬን ሸራ ሲሳሳ ፒስተኑ ከቦታው ወደ ውጭ ይወጣል፣ የለቀቀውን ቦታ ዘይት ይሞላዋል፣ ዕቃው ውስጥ ያለው በዚያው ልክ ይጎድላል። ስለዚህ የጎደለው የፍሬን ዘይት ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ሸራው ማለቅ ነው። በላዩ ዘይት ሲጨመርበት መብራቱ ወዲያው ይጠፋል፣ የሳሳው ሸራ ግን መሳሳቱን ይቀጥላል፣ አሁን የሚናገርለትም የለም። ሸራው ደህና ሆኖ ዘይቱ ከጎደለ ደግሞ የሆነ ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው፤ ከጎማው በስተጀርባ እርጥበት ፈልጉ፣ ከፔዳሉ በላይም በባትሪ መብራት እዩ። ይህን ሳያዩ ዘይት ጨምረው የሚሸኙ ጋራዦች አሉ፤ ባለመኪናውም መብራቱ ጠፋልኝ ብሎ አመስግኖ ይወጣል፤ እኔን የሚያሳዝነኝ ምስጋናው ነው።

ዘይቱ ራሱም ያረጃል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲችል ሆኖ ነው የሚሠራው፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት እግሩን ከፍሬን ላይ ሳያነሳ የሚወርድ ሰው ይህን ሙቀት አያጣውም። ዘይቱ ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። ከሥር ደርሶ ሲበርድ ፔዳሉ ይመለሳል፣ ሰውየውም ምንም እንዳልነበረ ይረሳዋል። ዳገቱን በምንወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ ለእኛ ሕግ ነበር፤ አሁን ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው ብለን ሕጉንም አብረን ጥለነዋል፣ በአውቶማቲኩም ላይ ዝቅተኛ ማርሽ ተጽፎ እያየነው።

አሁን ወደ ቢጫዋ፣ ቼክ ኢንጅን ወደምንላት ልምጣ፤ ስለ እርሷ ያለው አለመግባባት ከሁሉም ይበዛል። በፈረንጆቹ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ መኪኖች ኦቢዲ ቱ የሚባለውን የምርመራ ሥርዓት እንዲይዙ ግዴታ ሆኗል፣ ዛሬ ከምንነዳቸውም ብዙዎቹ ይህን ወይም የእርሱን ዘመድ ይዘዋል፤ 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት ከመሪው ሥር ብትዳብሱ ታገኙታላችሁ። የዚህ ሥርዓት አሠራር ትዕግሥተኛ ነው። ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጥፋት አንድ ጊዜ ስላየ ብቻ መብራት አያበራም፤ በመዝገቡ ያሰፍረውና በሚቀጥለው ጉዞ ደግሞ ይጠብቀዋል፣ እንደገና ሲያየው ያን ጊዜ ያበራል። ስለዚህ መብራቷ ስትበራ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ቢያንስ ሁለቴ ሆኗል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በሦስት ተከታታይ ጉዞ ጥፋቱን ካላገኘው መብራቱን ያጠፋዋል፣ መዝገቡን ግን ወዲያው አይፍቀውም፤ ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ቀዝቅዞ እስኪሞቅ ድረስ ያቆየዋል። ከጥፋቱም ጋር በዚያች ደቂቃ የሞተሩ ሙቀት፣ ዙሩና የመኪናው ፍጥነት ምን ያህል እንደነበር ይጽፋል። መብራቱ ጠፍቶ ሳለ እንኳ ስካነር ሰክቶ ይህን የሚያነብ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? የባትሪውን ገመድ ፈታ አድርገን መልሰን እናስራለን። መብራቱ ይጠፋል፣ መዝገቡም አብሮት ይጠፋል፤ ነገሩን በዐይኑ ያየውን ብቸኛ ምስክር አስወጥተን ችሎቱን እንጀምራለን። በተለይ የቦሎ ሰሞን፣ የዓመቱ ምርመራ ሲቃረብ፣ ይህ ነገር ይበዛል። ጥፋቱ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሁሉንም እንደ አዲስ መማር ስላለበት መኪናው ዙሩ ሲዋዥቅ ይሰነብታል፣ ሰውየውም ሁለተኛ በሽታ የመጣበት ይመስለዋል። አንድ ነገር ግን ሳልለይ አላልፍም፤ ቢጫዋ በርታ ከመቆም አልፋ እየጨፈነች እየከፈተች ከሆነ፣ ሞተሩ እያቃጠለ ካልሆነ ሲሊንደር ጋር እየሠራ ነው፣ ያልነደደው ቤንዚንም ወደ ጭስ ማውጫው ወርዶ ካታሊቲኩን ያግለዋል። ያን ጊዜ እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ፣ በዝግታ ዳር ያዙ፤ ካንዴላና ቦቢና ታይቶ ሳይስተካከል ረጅም መንገድ አትውጡ።

ሌላው ሰውን የሚያታልለው ክረምቱ ነው። ሐምሌ ላይ የኤቢኤስ ወይም የኤርባግ መብራት ይበራል፣ መስከረም ሲጠባ ይጠፋል፣ ሰውም ዳነ ይላል። ውሃ ወደ ሶኬቱ ገብቶ ነበር፤ ውሃው ደረቀ፣ የጀመረው ዝገት ግን እዚያው ቀረ፣ በሚቀጥለው ሐምሌም ካለፈው ብሶ ይጠብቀዋል። በላቫጆ ሞተሩን በኃይለኛ ውሃ የማስመታት ፋሽናችንም ክረምትን በበጋ ማምጣት ነው። ኤቢኤሱ በጭቃ በተሸፈነ የጎማ ሴንሰር ምክንያት ሊበራ ይችላል፣ የኤርባጉ ደግሞ መሪው ሲዞር ብቻ የሚበራ ከሆነ ከመሪው ሥር የተጠቀለለው ገመድ ተበጥሷል ብላችሁ ጠርጥሩ፤ እሱን ግን በሰፈር ልጅ አታስነኩት፣ ኤርባግ ሊፈነዳ ይችላል።

ሦስትና አራት መብራት በአንድ ጊዜ በርቶ በአንድ ጊዜ ከጠፋስ? እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ሱማሌ ተራ ለመለዋወጫ ሲፈስ አይቻለሁ። የኤቢኤሱ ዕቃ፣ የመሪው ዕቃ፣ የካምቢዮው ዕቃ በአንድ ቀን በአንድነት የሚሞቱበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ይልቅ ሁሉም የሚጠጡበት ምንጭ ታሟል፤ ባትሪው፣ ዲናሞው፣ ወይም ከሁሉም በላይ የተረሳው ማሳው፣ ከባትሪው ነጌቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ አካሉ የሚሄደው ገመድ። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። የባትሪው ራስ ላይ ያ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ካለ በሙቅ ውሃ ይጠብ፣ ማሳው የታሰረበት ብሎን ተፈትቶ በሸካራ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይፈተግ። የባትሪው ቀይ ምልክት በጨለማ ደብዘዝ ብሎ የሚታይ፣ ነዳጅ ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ ቺንጋውንና የዲናሞውን ካርቦን አስዩ፤ በአዋሽ መንገድ ማታ የፊት መብራት እየፈዘዘ ሄዶ ሲጠፋ የሚደርሰውን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከቸልታም አልፎ ወደ ማታለል የሄደ ነገር አለ፣ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። መብራቱን በጥቁር ፕላስተር የሚሸፍን አለ። መኪና ሊሸጥ ሲል አምፖሉን የሚያስወጣ፣ ወይም የኤርባጉን መብራት ከሌላ መብራት ጋር አስሮ አብሮ በርቶ አብሮ እንዲጠፋ የሚያስደርግ አለ። ገዢው ልጃችሁ ወይም የልጃችሁ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ፕላስተሩን የለጠፈው ሰው ከጊዜ በኋላ መብራት እንደነበር ራሱ ይረሳዋል፤ ከዚያ ወዲያ በዚያች መኪና የሚሳፈር ሁሉ በማያውቀው ነገር ላይ ነው የተቀመጠው።

የሚመጣው ዘመን ከዚህ የቀለለ አይመስለኝም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉት አሮጌዎቹ ከተሠሩበት ዕድሜ በላይ ሊያገለግሉን ነው፣ ሽቦዎቻቸውም ይበልጥ ይላጣሉ፣ ሶኬቶቻቸውም ይበልጥ ይዝጋሉ። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ብዙዎቹ በስክሪናቸው የሚጽፉት በቻይንኛ ነው። ባለመኪናው ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ጣቱን አሳርፎ ከስክሪኑ ያባርረዋል፤ ስለ ሙቀት ይሁን ስለ ፍሬን ወይም ስለ መስኮት ማጠቢያ ውሃ፣ አያውቅም። የምናነበውን ችላ ያልን ሰዎች የማናነበውን እንዴት እንደምናከብር እጅግ ያሳስበኛል።

ነገር ግን ብልጭ የሚለው መብራት ብልጭ እስካለ ድረስ ጊዜ አለ፤ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ገና ሽቦ ወይም ሊትር ዘይት ወይም ጥንድ ሸራ ነው፣ ሞተር አልሆነም፣ ሰው አልሆነም። በኪሳችሁ ትንሽ ደብተር ያዙና መብራቱ ሲበራ መቼ እንደበራ ጻፉ፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ነበር ወይስ ግሎ፣ ስትዞሩ ነበር ወይስ ፍሬን ስትይዙ፣ ዝናብ ነበር ወይ፣ የፊት መብራት በርቶ ነበር ወይ። የሚነዳው ይንዳ፣ አጠገቡ ያለው በስልኩ ፎቶ ያንሳ። ጋራዥ ስትደርሱ መብራቱ ጠፍቶ ይሆናል፣ መካኒኩም ምንም የለውም ሊላችሁ ይችላል፤ ደብተሩን ስጡት፣ ምንም ነገር ከመፈታቱ በፊትም ኮዱ እንዲነበብና እንዲጻፍ ለምኑት። ሽቦውን እየነቀነቀ፣ ሶኬቱን እየጫነ መብራቱ ሲመለስ እስኪያይ የሚታገሥ መካኒክ ካገኛችሁ አትከራከሩት፣ የጠየቀውን ክፈሉት፤ እንዲህ ያለው ሰው እየጠፋ ነው።

ነገ ጠዋት ደግሞ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ቁልፉን ሞተሩ እስከማይነሳበት ድረስ አዙራችሁ ምልክቶቹ ሁሉ መብራታቸውን ቁጠሩ። የዘይቱ፣ የባትሪው፣ የፍሬኑ፣ የኤርባጉ መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሳም መጥፋት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ጨርሶ ሳይበራ ከቀረ፣ ወይም የእጅ ፍሬኑ ወርዶ ሳለ የፍሬኑ በርቶ ከቀረ፣ መኪናውን ወደ ጋራዥ አድርሱት፤ ልጆቹን ግን በዚያ ቀን በታክሲ ላኳቸው።